በሲ ቋንቋ ስለ አሬይ፣ ስለ ፖይንተርና ስለ ሜሞሪ ስህተቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ ሁሉ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) 4 ባይት፣ ፖይንተር 8 ባይት የሚይዝበትን ባለ 64 ቢት ማሽን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ቫሪያብሎቹ ሀ፣ ለ፣ መ በሚሉ ፊደላት ተሰይመዋል።

ፖይንተር ምንድን ነው?

ፖይንተር የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል ነው። ሀ የተባለ የኢንት ቫሪያብል በአድራሻ 1000 ላይ ቢቀመጥ፣ `&ሀ` ብለን የምናገኘው ይህንኑ 1000 ነው፤ አድራሻውን መ በተባለ ፖይንተር ውስጥ ካስቀመጥን በኋላ `*መ` ብንል ደግሞ ወደ ሀ ይዘት እንደርሳለን። ፖይንተሩ የኢንት ወይም የቻር (የአንድ ባይት ፊደል) ፖይንተር ተብሎ መታወጁ፣ ኮምፓይለሩ ከዚያ አድራሻ ጀምሮ ስንት ባይት እንደሚያነብና ያነበበውን እንዴት እንደሚረዳው ይወስናል።

ፖይንተር ከሚይዘው ይልቅ የማይዘውን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ከአድራሻው ጀምሮ ስንት ባይት የእኛ እንደሆነ አያውቅም፤ ቦታው እስከ መቼ የእኛ ሆኖ እንደሚቆይም አያውቅም። ርዝመቱንና ዕድሜውን የመከታተሉ ሥራ ሙሉ በሙሉ የፕሮግራመሩ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱ ሲዘነጋ የሚፈጠሩ ናቸው።

አሬይና ፖይንተር አንድ ናቸው?

አይደሉም። አሬይ አንድ ዓይነት አባላት ተከታትለው የሚቀመጡበት ነው፤ አሥር ኢንት የሚይዝ አሬይ በሜሞሪ ላይ የተዘረጋ 40 ባይት ቦታ ሲሆን፣ ፖይንተር ግን የሌላን ነገር አድራሻ የሚይዝ 8 ባይት ነው። ሁለቱን የሚያምታታው የቋንቋው አንድ ደንብ ነው፤ የአሬይ ስም በአብዛኛው አገላለጽ ውስጥ ሲገባ፣ በራሱ ጊዜ ወደ መጀመሪያው አባል አድራሻ ይለወጣል። የማይለወጠው ሳይዝኦፍ (መጠንን በባይት የሚለካው ኦፐሬተር) ሲደረግበት፣ በ`&` አድራሻው ሲጠየቅ፣ እንዲሁም በትምህርተ ጥቅስ የተጻፈ ስትሪንግ የቻር አሬይ መነሻ ይዘት ሆኖ ሲሰጥ ነው።

ደንቡ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከሲ በፊት በነበረው በቢ ቋንቋ አሬይ ሲታወጅ ከተዘረጋው ቦታ በተጨማሪ የዚያን ቦታ አድራሻ የሚይዝ አንድ ሴል ይፈጠር ነበር። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲን ሲሠራ ስትራክት (የተለያዩ አባላትን በአንድ የሚያቅፍ ዓይነት) ሜሞሪ ላይ ካለው ነገር ጋር በቀጥታ እንዲገጣጠም ፈለገ፤ የራሱ ምሳሌ አንድ ቁጥርና 14 ፊደል የሚይዝ ስም ያለው የዩኒክስ የፋይል ማውጫ መዝገብ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ የተደበቀ ፖይንተር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሴሉን አስቀረና፣ አድራሻው ስሙ በተጠራ ቁጥር እንዲፈጠር አደረገ። እኛም እስከ ዛሬ የምንደናገረው በዚያ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ግን ብልህ እንደነበር አምናለሁ።

`ሀ[3]` እና `*(ሀ + 3)` ለምን እኩል ይሆናሉ?

ቋንቋው የመጀመሪያውን የሚተረጉመው በሁለተኛው ስለሆነ ነው። በፖይንተር ላይ የሚደረግ መደመር የሚቆጠረው በባይት ሳይሆን በአባል ነው፤ ሀ በ1000 ላይ የጀመረ የኢንት አሬይ ቢሆን፣ `ሀ + 3` ማለት 1003 ሳይሆን 1012 ነው። መደመር ቦታ ቢለዋወጥም ውጤቱ ስለማይለወጥ `3[ሀ]` ብሎ መጻፍም በሕጉ ትክክል ነው፤ ይህ ለጨዋታ ካልሆነ በቀር ሊጻፍ አይገባም።

አሬይን ለፈንክሽን ሳስተላልፍ ሳይዝኦፍ ለምን 8 ይለኛል?

አሬይ ለፈንክሽን አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው የመጀመሪያው አባል አድራሻ ነው። ፓራሜትሩን `ሀ[10]` ብላችሁ ብትጽፉትም ኮምፓይለሩ ወደ ፖይንተር ይቀይረዋል፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው 10 ለአንባቢ ካልሆነ በቀር ለማንም አያገለግልም። ስለዚህ በፈንክሽኑ ውስጥ ሳይዝኦፍ የሚለካው ፖይንተሩን ነው።

የዚህ ስህተት አስቸጋሪነቱ ዝም ማለቱ ነው። የአባላቱን ብዛት ለማግኘት ጠቅላላውን መጠን በአንድ አባል መጠን የሚያካፍለው የተለመደ ዘዴ፣ አሬዩ በታወጀበት ፈንክሽን ውስጥ 40 ለ4 ተካፍሎ 10 ይሰጣል፤ ያው መስመር ወደ ሌላ ፈንክሽን ሲዛወር ግን 8 ለ4 ተካፍሎ 2 ይሆናል። ሉፑ ሁለት አባል ብቻ አይቶ በሰላም ይጨርሳል፣ ውጤቱም የተሳሳተ ይሆናል፤ ክራሽ የሚባል ነገር ግን የለም። ኮምፓይለሩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ችላ አትበሉት፤ መፍትሔውም ርዝመቱን ራሱን የቻለ ፓራሜትር አድርጎ ከአድራሻው ጋር አብሮ መላክ ነው።

`ሀ` እና `&ሀ` ሲታተሙ አንድ ቁጥር ያወጣሉ፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልዩነታቸው በዓይነታቸው ነው። የመጀመሪያው የአንድ ኢንት አድራሻ ሲሆን ሁለተኛው የአሥር ኢንት አሬይ አድራሻ ነው። ሁለቱም 1000 ቢሆኑም፣ አንድ ሲደመርባቸው የመጀመሪያው 1004፣ ሁለተኛው 1040 ይሆናል።

የስትሪንግን አንድ ፊደል ስቀይር ፕሮግራሙ ለምን ይቋረጣል?

ምናልባት የያዛችሁት አሬይ ሳይሆን ፖይንተር ስለሆነ ነው። የቻር ፖይንተር አውጃችሁ በትምህርተ ጥቅስ የተጻፈ ስትሪንግ ስትሰጡት፣ ፖይንተሩ የሚያመለክተው ኮምፓይለሩ ብዙውን ጊዜ ለንባብ ብቻ በተፈቀደ ቦታ ወዳስቀመጠው ጽሑፍ ነው፤ እዚያ ላይ መጻፍ በስታንዳርዱ የተፈቀደ አይደለም። የቻር አሬይ አውጃችሁ ያንኑ ጽሑፍ መነሻ ይዘት ብታደርጉት ግን ጽሑፉ ወደ ራሳችሁ ቦታ ይገለበጣል፤ እንደፈለጋችሁም ትቀይሩታላችሁ።

ሌላው ምክንያት የስትሪንግን መጨረሻ የሚያመለክተው የማብቂያው ዜሮ ባይት ነው። የስትሪንግን ርዝመት የሚሰጠው ስትርሌን የሚቆጥረው ከዜሮው በፊት ያሉትን ባይቶች ስለሆነ፣ ለግልባጭ ቦታ ስትጠይቁ ሁልጊዜ አንድ መጨመር አለባችሁ። የሚቆጠረውም ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ሰላም» የሚለው ቃል 9 ባይት፣ ከነማብቂያው 10 ባይት ይፈልጋል። «ሦስት ፊደል ነው፣ 4 ባይት ይበቃዋል» ብሎ ያሰበ ሰው ስድስት ባይት የሌላ ነገር ያጠፋል። በተወሰነ መጠን የሚገለብጠው ስትርኤንኮፒም እንደ ስሙ አስተማማኝ አይደለም፤ ምንጩ ከተሰጠው ቦታ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ማብቂያ ዜሮ ሳያስቀምጥ ያቆማል።

ሴግመንቴሽን ፎልት ምን ማለት ነው?

ፕሮግራሙ ያልተሰጠውን ወይም ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ገጽ ነካ ማለት ነው። ሜሞሪ ለፕሮግራም የሚታደለው በገጽ ሲሆን፣ የአንድ ገጽ መጠን በብዙ ማሽኖች 4096 ባይት ነው። ፕሮሰሰሩ በካርታው ላይ የሌለ ገጽ ሲጠየቅ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያሳውቃል፤ ሊኑክስ ደግሞ ለፕሮግራሙ ሲግናል 11 ይልክለታል። በሼል ላይ 139 የሚል የመውጫ ቁጥር የምታዩትም 128 እና 11 ተደምረው ነው።

ፎልቱ የደረሰበትን አድራሻ ማየት ብዙ ይነግራል። ወደ ዜሮ የተጠጋ ትንሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 16 ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነል (ወደ ምንም በማያመለክት) ፖይንተር በኩል የስትራክትን አባል ለመንካት ተሞክሯል፤ አባሉ ከስትራክቱ መጀመሪያ 16 ባይት ርቆ የሚገኝ ነው። ፖይንተሩ በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ሲታይ 41 41 41 41 እያለ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ አድራሻ ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ 41 የላቲኑ ትልቁ ኤ ኮድ ስለሆነ፣ አንድ ስትሪንግ ከወሰኑ አልፎ በፖይንተሩ ላይ ተጽፎበታል።

ከአሬዩ ወሰን አልፌ ብጽፍም ፕሮግራሙ ሠራ፤ ለምን?

ሲ ወሰን አይፈትሽም፤ ማሽኑም የሚጠብቀው ገጽን እንጂ አሬይን አይደለም። አሥር አባል ባለው አሬይ ላይ ሉፑን «ከ10 የሚያንስ» በማለት ፈንታ «ከ10 የሚያንስ ወይም እኩል የሆነ» ብትሉት `ሀ[10]` ላይ ይጻፋል፤ ያ ቦታ ከአሬዩ ቀጥሎ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። የሉፑ ቆጣሪ ራሱ እዚያ ተቀምጦ ከሆነና የምትጽፉት ዜሮ ከሆነ፣ ቆጣሪው በየዙሩ ወደ ዜሮ እየተመለሰ ሉፑ ማብቂያ ያጣል። ባዶ ቦታ ከሆነ ደግሞ ምንም አይታይም። ስታንዳርዱ ይህን ባሕርይው ያልተወሰነ ይለዋል፤ ኮምፓይለሩም እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ እንደማይደርስ ገምቶ ኮዱን ስለሚያፈጥን፣ ያለ ኦፕቲማይዜሽን የሠራው ከኦፕቲማይዜሽን ጋር ላይሠራ ይችላል። ከመጨረሻው አባል ቀጥሎ ያለውን አንድ አድራሻ ማስላት ይፈቀዳል፤ ማንበብም መጻፍም ግን አይፈቀድም።

«ሠራ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያታልል ሁለት የታወቁ አጋጣሚዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 የተሰራጨው የሞሪስ ወርም (ራሱን በኔትወርክ የሚያባዛ ፕሮግራም) ከገባባቸው በሮች አንዱ ፊንገር የተባለው አገልግሎት መስመር የሚያነበውን ጌትስ የተባለ ፈንክሽን መጠቀሙ ነበር፤ 512 ባይት በሚይዝ ቦታ ላይ 536 ባይት ተላከ። ጌትስ የቦታውን መጠን የሚቀበልበት ፓራሜትር ስለሌለው ሊታረም የሚችል አልነበረም፤ በ2011 ስታንዳርድ ከቋንቋው ወጣ፣ በምትኩም ኤፍጌትስን መጠቀም ይገባል። በ2014 የታወቀው፣ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የኢንክሪፕሽን ላይብረሪ ላይ የነበረው የሃርትብሊድ ስህተት ደግሞ የንባብ ነበር፤ ሰርቨሩ ጠያቂው የነገረውን ርዝመት አምኖ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የጎረቤት ሜሞሪ ይመልስ ነበር። ሁለቱም ስህተቶች ሳይታወቁ በቆዩበት ጊዜ ፕሮግራሞቹ «ይሠሩ» ነበር።

በፈንክሽን ውስጥ ያወጅኩትን አሬይ መመለስ የማልችለው ለምንድን ነው?

ዕድሜው ከፈንክሽኑ ጋር ስለሚያበቃ ነው። በፈንክሽን ውስጥ የሚታወጁ ቫሪያብሎች በስታክ (ለፈንክሽን ጥሪዎች በተለየው የሜሞሪ ክፍል) ላይ ይቀመጣሉ፤ ፈንክሽኑ ሲመለስ ያ ቦታ ለሚቀጥለው ጥሪ ይለቀቃል። የተመለሰው አድራሻ ለጥቂት ጊዜ ትክክለኛውን ይዘት ሊያሳይ ይችላል፤ ሌላ ፈንክሽን ሲጠራ ግን ይሻራል። ከሁሉ የሚሻለው ጠሪው ቦታውንና ርዝመቱን አዘጋጅቶ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። በማሎክ ከሂፕ (ፈንክሽኑ ቢመለስም ከሚቆየው የሜሞሪ ክፍል) ማስመደብም ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ማን ፍሪ እንደሚያደርገው፣ ማለትም ቦታውን እንደሚመልሰው፣ ከፈንክሽኑ አናት ላይ በኮሜንት መጻፍ ተገቢ ነው።

ፍሪ ካደረግኩ በኋላም ፖይንተሩ የድሮውን ይዘት ያሳየኛል፤ ችግር አለው?

አለው። ፍሪ ቦታውን ለመዳቢው (ሜሞሪ ለሚያድለው የላይብረሪው ክፍል) ይመልሳል እንጂ በእጃችሁ ያለውን አድራሻ አይሰርዝም፤ ይዘቱም እስኪጻፍበት ድረስ በከፊል ሊቆይ ይችላል። ከጥቂት መስመር በኋላ ሌላ የማሎክ ጥሪ ያንኑ ቦታ ሲወስድ፣ ሁለት የማይተዋወቁ የፕሮግራሙ ክፍሎች በአንድ ቦታ ላይ ይጽፋሉ። ፖይንተሩን ወዲያው ነል ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ ነልን ፍሪ ማድረግም ጉዳት የለውም። ሆኖም ያው አድራሻ በሌላ ቫሪያብል ወይም በስትራክት ውስጥ ተገልብጦ ከሆነ፣ ያኛው ግልባጭ እንደነበረ ይቀራል።

እያንዳንዱ አባል (ኖድ) የቀጣዩን አድራሻ በሚይዝበት በሊንክድ ሊስት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። እየተጓዙ እያንዳንዱን ኖድ ፍሪ ማድረግና ከዚያ «ቀጣይ» የሚለውን አባል ማንበብ፣ የተመለሰ ቦታ ማንበብ ነው፤ ቀጣዩ አድራሻ ከፍሪው በፊት በሌላ ቫሪያብል መቀመጥ አለበት። ሪያሎክም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ ቦታውን ሲያሰፋ ወደ ሌላ አድራሻ ሊያዛውረው ስለሚችል፣ ወደ ድሮው ቦታ ያመለክቱ የነበሩ ፖይንተሮች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ። ውጤቱንም በቀጥታ በድሮው ፖይንተር ላይ አትጻፉ፤ ሪያሎክ አልተሳካለትም ብሎ ነል ቢመልስ የመጀመሪያው ቦታ አድራሻ ይጠፋባችኋል።

ክራሹ በማሎክ ወይም በፍሪ ውስጥ ነው፤ የላይብረሪው ስህተት ይሆን?

አይመስለኝም። መዳቢው የራሱን መዝገብ፣ ማለትም የየቁራጩን መጠንና የባዶ ቁራጮችን ዝርዝር፣ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ እናንተ ከምትጠቀሙበት ቦታ አጠገብ ነው። ከወሰን ያለፈ ጽሑፍ ያንን መዝገብ ያበላሻል፤ ብልሹነቱ የሚታወቀው ግን መዳቢው በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቡን ሲያነብ ነው። በዚያ መካከል አንድ መስመር ወይም አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ፕሮግራሙ የወደቀበትን መስመር ደጋግሞ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ ልትጠረጥሩት የሚገባው፣ የፖይንተሩን መጠን በመለካት ቦታ የጠየቀ ማሎክ ነው፤ `ሳይዝኦፍ *መ` መባል ሲገባው `ሳይዝኦፍ መ` ከተባለ፣ 48 ባይት ለሚፈልግ ስትራክት 8 ባይት ብቻ ተጠይቋል።

ፕሪንትኤፍ ስጨምር ስህተቱ ይጠፋል፤ ሳወጣው ይመለሳል። ለምን?

አንድ መስመር ሲጨመር በስታክ ላይ ያለው አቀማመጥ ይቀየራል፤ የኮምፓይለሩም ውሳኔ ይቀየራል። አንድ ጊዜ ድምር የሚይዝ ቫሪያብል ዜሮ ሳላደርግ ትቼ፣ ከሉፑ በፊት ያስገባሁት ፕሪንትኤፍ በስታክ ላይ ዜሮ ትቶ እየሄደ ፕሮግራሙ በትክክል ይደምር ነበር። ሦስት ቀን ከታገልኩ በኋላ፣ ማፈሬን ደብቄ፣ «ይህ መስመር አይነካ» የሚል ኮሜንት ጽፌ ተውኩት። ከወራት በኋላ የኮምፓይለሩ ቨርዥን ሲቀየር የተሳሳተው ድምር ተመልሶ መጣ። መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው የውስጥ ቫሪያብልም ሆነ ከማሎክ የተገኘ ቦታ ምን እንደያዘ አይታወቅም፤ ዜሮ ሆኖ የሚሰጠው ካሎክ ነው።

ፕሪንትኤፍ በሌላ መንገድም ያሳስታል። ጽሑፉ ወደ ስክሪን ከመውጣቱ በፊት በባፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ፕሮግራሙ ድንገት ሲቋረጥ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሳይታዩ ይቀራሉ፤ እናንተም ክራሹ ከእውነተኛው ቦታ ቀድሞ የደረሰ ይመስላችኋል። መልእክቱን ወደ ስታንዳርድ ኤረር መላክ ይህን ያስቀራል።

ቫልግሪንድ ይሻላል ወይስ አድሬስሳኒታይዘር?

ሁለቱም የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ መሣሪያዎች ናቸው፤ የሚያዩት ነገር ስለሚለያይ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። አድሬስሳኒታይዘር ከኮዱ ጋር አብሮ ኮምፓይል የሚደረግ ነው፤ በየአሬዩ ዙሪያ የተከለከለ ቀጠና ያበጃል፣ ለእያንዳንዱ 8 ባይትም የሁኔታ መዝገብ የሚሆን 1 ባይት ይይዛል፤ ፍሪ የተደረገ ቦታም ወዲያው እንዳይታደል ለጊዜው ያቆየዋል። ፕሮግራሙን በግምት በእጥፍ ቢያዘገየውም፣ በሂፕ፣ በስታክና በግሎባል አሬዮች ላይ የሚደርስን ማለፍ ይይዛል። ቫልግሪንድ ደግሞ የተዘጋጀውን ፕሮግራም እንዳለ ይዞ ያስኬደዋል፤ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ሊያዘገየው ይችላል፣ የስታክ አሬይ ወሰን ሲታለፍም ብዙ ጊዜ አያይም። ነገር ግን ከላይ የተረክሁትን ዓይነት፣ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል ውሳኔ ላይ ሲውል ይናገራል፤ አድሬስሳኒታይዘር ይህን አያደርግም።

ሪፖርቱን ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል። አድሬስሳኒታይዘር «መጠኑ 4 የሆነ ጽሑፍ፤ አድራሻው ከ40 ባይቱ ቦታ በስተቀኝ 0 ባይት ላይ ነው» የሚል ይዘት ያለው መልእክት ሲሰጣችሁ፣ ምርመራው እዚያው አልቋል። መጠኑ 4 ከሆነ የተጻፈው ኢንት ነው፤ 40 ባይት ማለት አሥር አባል ነው፤ በስተቀኝ 0 ማለት ደግሞ ልክ ከመጨረሻው አባል ቀጥሎ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሉፑ አንድ ዙር አልፏል። ከዚያ በታች ቦታው የት እንደተመደበ፣ ፍሪ ተደርጎ ከሆነም የት እንደተደረገ የሚያሳይ የጥሪ ሰንሰለት ይከተላል። የመስመር ቁጥር እንዲታይ ፕሮግራሙ ከዲበግ መረጃ ጋር ኮምፓይል መደረግ አለበት።

አንድ ቫሪያብል በማላውቀው ቦታ ይበላሻል፤ ማን እንደሚጽፍበት እንዴት ልያዝ?

ጂዲቢ በተባለው ዲበገር (ስህተት መመርመሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ብሬክፖይንት ሳይሆን ዎችፖይንት አስቀምጡ። ብሬክፖይንት በኮድ መስመር ላይ ሲያቆም፣ ዎችፖይንት የአንድ አድራሻ ይዘት ሲለወጥ ያቆማል። በኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ለዚህ የሚሆኑ አራት የአድራሻ ሬጅስተሮች ስላሉ ሥራው ፕሮግራሙን አያዘገይም። ቫሪያብሉ የፈንክሽን ውስጥ ከሆነ ስሙን ሳይሆን አድራሻውን ስጡት፤ አለበለዚያ ፈንክሽኑ ሲመለስ ጥበቃው ይነሳል።

ባለ ሁለት ልኬት አሬይ የፖይንተር ፖይንተር ለሚጠብቅ ፈንክሽን ለምን አይሰጥም?

3 ረድፍና 4 ዓምድ ያለው የኢንት አሬይ በሜሞሪ ላይ ያለ አንዳች ፖይንተር የተዘረጋ 48 ባይት ነው። ስሙ የሚለወጠው ወደ መጀመሪያው አባል አድራሻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አባል ደግሞ ባለ 4 ኢንት ረድፍ ነው። የፖይንተር ፖይንተር የሚቀበል ፈንክሽን ግን በአድራሻው ላይ ሌላ አድራሻ አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። በካስት (ዓይነቱን በግድ በመቀየር) አስገድዳችሁ ብትሰጡት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኢንቶች፣ 8 ባይት ስለሆኑ፣ አንድ ላይ እንደ አድራሻ ያነባቸዋል። ፓራሜትሩን «ወደ 4 ኢንት አሬይ የሚያመለክት ፖይንተር» ብሎ ማወጅ ትክክለኛው ነው።

አንዱ ፋይል ላይ አሬይ፣ ሌላው ላይ ኤክስተርን (በሌላ ፋይል የተፈጠረ) ፖይንተር ብዬ አወጅኩ፤ ኮምፓይለሩ ዝም አለ፣ ፕሮግራሙ ግን ወደቀ። ለምን?

ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ስለሚያይ፣ ፋይሎቹን የሚያገናኘው ሊንከር ደግሞ በተለምዶ ስምን እንጂ ዓይነትን ስለማያመሳክር ነው። በመጀመሪያው ፋይል ለ የተባለው 100 ቻር የሚይዝ ቦታ ነው። ሁለተኛው ፋይል `ለ[0]` ሲል፣ ለ ፖይንተር ነው ተብሎ ስለተነገረው በቅድሚያ ከዚያ ቦታ 8 ባይት አንስቶ እንደ አድራሻ ይወስዳል፤ የሚያነሳው ግን የስትሪንጉን የመጀመሪያ ስምንት ባይቶች ነው። በጂዲቢ ስትመለከቱት ፕሮግራሙ ሊያነብ የሞከረው አድራሻ ራሱ የጽሑፋችሁ ፊደላት ኮድ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ባይቶቹ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጠው ይታያሉ። የኤክስተርን እወጃውን በሄደር ፋይል አድርጋችሁ፣ አሬዩ የተፈጠረበት ፋይልም ያንኑ ሄደር ኢንክሉድ እንዲያደርግ ካደረጋችሁ፣ ኮምፓይለሩ ሁለቱን እወጃዎች ጎን ለጎን ስለሚያያቸው አለመጣጣሙን ስህተት ብሎ ይመልሳል።